በነጠላችንም ይፈተን

ጅዳ ያለች ልጅ ደሴ ላሉት እናቷ በስልክ ቪዲዮ ስትደውል ፊቷ ጥርት ብሎ ይታይ ወይስ ተቆራርጦ፣ በስልኩ ዋጋና በኔትወርኩ ጉልበት ብቻ አይወሰንም። ምስሉ ከመላኩ በፊት ይታመቃል። የሚታመቅበትን ሕግ የሚያወጡት ደግሞ ከየአገሩ የተሰባሰቡ መሐንዲሶች ናቸው፤ ዓመታት ተከራክረው፣ ተፈታትነው፣ በመጨረሻ ተስማምተው። እነዚህ መሐንዲሶች በጋራ ከሚሠሩባቸው ታላላቅ ድርጅቶች፣ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም ሆነ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ ኢትዮጵያ አባል ናት። በኅብረቱ ውስጥ የቆየችው እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ነው። አባልነቷን ለዚህ ጉዳይ ስትጠቀምበት ግን አላየሁም። ይህ እንዲለወጥ እፈልጋለሁ፤ ለውጡም ከእኛው ከወሎ ሊጀምር ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ሙያዬ የሠርግ ቪዲዮ ቀረጻ ነው። ሸዋ በር ኒካህ፣ መድኃኔዓለም ተክሊል፣ ኮምቦልቻ መልስ፤ ወሎ ላይ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ሠርግ መቅረጽ ብርቅ አይደለም። ስጀምር በቪኤችኤስ ካሴት ነበር። ከዚያ ቪሲዲ መጣ፣ ከዚያ ዲቪዲ፣ ከዚያ ፍላሽ፤ አሁን ደንበኛው ድንኳኑ ሳይነቀል «በቴሌግራም ላክልን» ይላል። ከካሴቱ በኋላ የመጣው እያንዳንዱ ለውጥ ከጀርባው አንድ የእመቃ ደረጃ ነበረው። ቪሲዲ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ኤምፔግ-1 ይሠራ ነበር። ዲቪዲና የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ሪሲቨሮች ኤምፔግ-2ን ይዘው መጡ። ዛሬም ካሜራዬ የሚቀርጸው በኤች.264 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀ ደረጃ ነው።

ሒሳቡን እናስላው፤ ካላሰላነው ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ጉዳይ ይመስለናል። ባለ 1920 በ1080 ነጥብ አንድ ምስል፣ የቀለሙ ዝርዝር ተቀንሶ እንኳ፣ 3 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። በሰከንድ 25 ምስል ሲሆን 78 ሜጋባይት ይጠጋል። አንድ ሰዓት ሳይታመቅ ቢቀመጥ 280 ጊጋባይት ይሆናል፤ አራት ሰዓት የፈጀ ሠርግ ከ1 ቴራባይት ያልፋል። ያንኑ ሠርግ በሰከንድ 8 ሜጋቢት አድርጌ ኤክስፖርት ሳደርገው 14 ጊጋባይት ተኩል ገደማ ይወጣኛል። ሰማንያ እጥፍ ሊያንስ ጥቂት ነው የቀረው፤ ሙሽራዋም እናቷም ልዩነቱን አያዩትም። ለስልክ ሳሳንሰው ከዚያም በብዙ ይወርዳል፤ ያኔ ግን ልዩነቱ መታየት ይጀምራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፋፈላል። ከቀደመው ምስል ያልተለወጠው ክፍል ዳግመኛ አይላክም። የተንቀሳቀሰውም ቢሆን «ያ ቁራጭ ወደ ቀኝ ይህን ያህል ሄዷል» ተብሎ ይነገራል እንጂ እንደገና አይሳልም። ሸማኔ የጥለቱን አንድ ዙር ከያዘ ቀሪውን እየመላለሰ እንደሚያወጣው ነው። የተረፈው ልዩነት ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ ዓይን እምብዛም የማያስተውለው ዝርዝር ተቆርጦለት ይላካል። ኤች.264 ከ16 በ16 ነጥብ በሚበልጥ ቁራጭ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤች.265 እስከ 64 በ64፣ በ2020 የወጣው ኤች.266 እስከ 128 በ128 ይደርሳል፤ ሰፊ ሰማይን ወይም የተለሰነ ግድግዳን በጥቂት ትልልቅ ቁራጮች ይጨርሰዋል። ኤች.266 ሲሠራ የታለመው በኤች.265 ከሚያስፈልገው ዳታ በግማሹ ያንኑ ጥራት መስጠት ነበር። ወደ እኛ ኪስ ስናመጣው፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በ10 ደቂቃ 75 ሜጋባይት ይበላል፤ ግማሹ 37 ተኩል ነው። ፓኬጅ በብር ቆጥረው ለሚገዙ እናት ልጃቸውን አሥር ደቂቃ በማየትና ሃያ ደቂቃ በማየት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ለእመቃ የሚቀልና የሚከብድ ነገር አለ። ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያነብ ዜና አንባቢን ማመቅ ይቀላል። ከሚከብደው ውስጥ አብዛኛው እኛ ሠርግ ላይ በአንድ ድንኳን ተሰብስቦ ይገኛል። የነጠላ ፈትል ከምስሉ ነጥብ እኩል የቀጠነ ነው፤ ሴቶቹ ሲጨፍሩ እያንዳንዱ እጥፋት በየምስሉ ስለሚለወጥ ማመቂያው «ይህ ያ የቅድሙ ቁራጭ ነው» የሚለው አያገኝም። የዕጣን ጭስ ጠርዝ የለውም፤ ዳታ ሲያንሰው አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይረጋል። እስክስታ የሚመታ ትከሻ ይሟሟል። ማታ በአንድ አምፖል ብርሃን የተቀረጸ ጠይም ፊት ከጥላው ጋር ተቀላቅሎ ይለጠፋል፤ ማመቂያው ጨለማ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ዓይን አያየውም ብሎ ስለሚቆርጠው። እኔ ግን ያንን ፊት እፈልገዋለሁ፤ የሙሽራው አያት ናቸው።

ፊደላችንም ይጎዳል። ሉ እና ሊ የሚለዩት በጎን በምትቀጠለው ትንሽ ሰረዝ ቦታ ብቻ ነው። በቪዲዮው ግርጌ የሚያልፍ ጽሑፍ በጣም ሲታመቅ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ሰረዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ለጽሑፍና ለኮምፒውተር ስክሪን የሚሆን ማሻሻያ በኤች.265 ላይ ተጨምሯል፤ ኤች.266ም እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ይዞ ተወልዷል። እነዚህ መሣሪያዎች በእኛ ፊደል ላይም መመዘን አለባቸው።

ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። መሐንዲሶቹ አንድ ሐሳብ ይሠራ እንደሆነ የሚመዝኑት አስቀድመው በመረጧቸው ቪዲዮዎች ነው። ሁሉም በእነዚያው ላይ ይፈትናል፤ ያለዚያ የአንዱን ውጤት ከሌላው ማወዳደር አይቻልም። ለኤች.266 ያገለገሉት የመፈተሻ ቪዲዮዎች ከሃያ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው፤ ዝርዝራቸውም ለማንም ክፍት ነው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች አሉበት፣ ፈረሶች፣ የካምፕ እሳት፣ የምግብ ገበያ፣ ታንጎ፣ በቀን ብርሃን የሚታይ መንገድ፣ ተቀምጠው የሚነጋገሩ አራት ሰዎች። ከኢትዮጵያ የተቀረጸ አንድም የለም። በክፋት አላስቀሩንም፤ ያልቀረበላቸውን ሊመርጡ አይችሉም። ይሁንና እያንዳንዱ ስልት ሲጨመርና ሲጣል የተመዘነው በሌላው ገበያ፣ በሌላው ልብስ፣ በሌላው መብራት ነው። ደረጃው ከጸደቀ በኋላ ደግሞ አሥርና ሃያ ዓመት ይኖራል፤ ኤች.264 ይኸው ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም በየስልካችን አለ።

ትብብሩ ራሱ አድናቆቴን የሚስብ ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ኤምፔግ የተባለውን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1988 የመሠረቱት ጣሊያናዊው ሊዮናርዶ ኪያሪሊዮኔና ጃፓናዊው ሂሮሺ ያሱዳ ናቸው። በሌላ በኩል ጄኔቫ ያለው የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የራሱ የቪዲዮ ባለሙያዎች ነበሩት። ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው ሊሄዱ ሲችሉ ለኤች.264፣ ለኤች.265ና ለኤች.266 የጋራ ቡድን አቋቁመው ሠሩ። ኤች.266ን ያወጣውን ቡድን አብረው የመሩት ጀርመናዊው የንስ ራይነር ኦህምና አሜሪካዊው ጋሪ ሰሊቫን ናቸው። የሥራ ጥሪው በኦክቶበር 2017 ወጣ። በኤፕሪል 2018 ሳንዲያጎ ላይ ከ30 በላይ ተቋማት ሥራቸውን ይዘው ቀረቡ። በጁላይ 2020 ደረጃው ተጠናቀቀ። ከእነዚህ ተቋማት ብዙዎቹ ገበያ ላይ የሚፎካከሩ ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጡ የቻሉት ደረጃው የታመቀ ቪዲዮ እንዴት እንደሚፈታ ብቻ ስለሚደነግግ ነው። እንዴት እንደሚታመቅ ለየችሎታቸው ተትቷል። በዚህ ምክንያት ነገ አንድ መሐንዲስ የተሻለ ማመቂያ ቢሠራ፣ ኮምቦልቻ ያለች አሮጌ ስልክ ደረጃውን እስከምታውቅ ድረስ ሳትቀየር ትፈታዋለች። ውድድርንና ስምምነትን እንዲህ አድርጎ የለየ ሌላ የሙያ ማኅበር ብዙ አላውቅም።

እንከን ግን አለው። ኤች.265 ሲወጣ የፈጠራ መብት ያላቸው ኩባንያዎች በአንድ ጥላ ሥር አልተሰበሰቡም፤ ክፍያ የሚጠይቁ ሦስት ስብስቦች ተፈጠሩ፣ ከስብስቦቹ ውጭ የቀሩም ነበሩ። አምራቾች ለማን ስንት እንደሚከፍሉ ግራ ገባቸው። ጎግል፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞን፣ ማይክሮሶፍት፣ ሞዚላ፣ ሲስኮና ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2015 ሌላ ኅብረት መሠረቱ፤ በ2018 ክፍያ እንዳይጠየቅበት ያለሙትን ኤቪ1 አወጡ። ዩቲዩብ ዛሬ ይጠቀምበታል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሆኖም ብዙ ርካሽ ስልኮች ኤቪ1ን የሚፈታ ቺፕ የላቸውም። በሶፍትዌር ብቻ ሲፈቱት ስልኩ ይሞቃል፣ ባትሪው ያልቃል። ቪዲዮላን የተባለው ፈረንሳይ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ፈጣን መፍቻ ሠርቶ በነፃ ባይሰጥ ኖሮ ይብስ ነበር። የትልልቆቹ ጠብ ዋጋ በመጨረሻ የሚያርፈው ርካሹን ስልክ በገዛው ሰው ላይ ነው፤ እኔ በበኩሌ ቀጣዩ ደረጃ ሲወጣ የክፍያው ጉዳይ ከመጽደቁ በፊት እንዲያልቅ አገራችን አፍ አውጥታ መጠየቅ አለባት እላለሁ።

ደረጃ ሲቀየር ሳናውቅ መገኘት ምን እንደሚያስከፍል ደሴ በ2012 ዓ.ም. አይታዋለች። ያን ጊዜ ኢትዮሳት መጣ። በተለያዩ ሳተላይቶች ተበታትነው የነበሩ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በአንድ ሳተላይት ላይ ተሰባሰቡ። ናይልሳትን ይፈልግ የነበረው የየጣሪያው ዲሽ ፊቱን ከጦሳ ተራራ ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ አዞረ። ማዞሩ ቀላል ነበር። የከበደው ሪሲቨሩ ነው። ኤምፔግ-2 ብቻ የሚፈታ አሮጌ ሪሲቨር በኤች.264 የታመቀ ጣቢያ ላይ ሲደርስ ወይ ጣቢያውን አያገኘውም ወይ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ይጨልማል። ጎረቤቶቼ ዲሹ አልተስተካከለም እያሉ ሠራተኛ በላይ በላዩ ጠርተው ከፍለዋል። ዲሹ ምንም አልሆነም ነበር። ለውጡ ትክክል ነበር፤ ጣቢያዎቻችን በአንድ ቦታ ጥርት ብለው መታየታቸውን ደግፌዋለሁ። ግን ሪሲቨር ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ምን የሚል ጽሑፍ መፈለግ እንዳለባቸው ለሰዎች ቀደም ብሎ የነገራቸው ቢኖር ብዙ ብር ይተርፍ ነበር።

ስለ እመቃ ያለኝን ስሜት የለወጠው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎባቸው ሲሄድ ሃርድ ዲስኮቼ ከሱቄ ጠፍተው ቆዩኝ። የስንት ቤተሰብ ሠርግ በውስጣቸው ነበር። ሰዎች ከተሰደዱበት ሲመለሱ መጀመሪያ ስለ ቤታቸው ጠየቁ፣ ስለ ሰዎቻቸው ጠየቁ፤ ውሎ አድሮ ወደ እኔ መጥተው ስለ ቪዲዮው ጠየቁ። በሠርጉ ቀን እልል ያሉ፣ አሁን ግን በሕይወት የሌሉ እናቶች የሚታዩባቸው ቪዲዮዎች ናቸው። ኦሪጅናሉ የለም። የተገኘው ድሮ ለጅዳና ለዱባይ ዘመዶች በቴሌግራም የላክነው ትንሹ ቅጂ ነበር፤ እነርሱ መልሰው ላኩልን። እመቃ ባይኖር ያም አይኖርም ነበር፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን በዚያ ቅጂ ላይ የጥበቡ ጥለት የለም፤ ጨለም ያለ ቦታ የተቀመጡት ሰዎች ማን ማን እንደሆኑ አይለይም። ለአንድ ቤተሰብ የቀረችው ብቸኛ ምስል እንዴት ታመቀች የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከባድ ሆኖብኛል፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

«ማን ይሰማናል» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ፊደላችንን ይመልከት። አንድ ሰሞን እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እንደ መሐንዲሱ ፍሥሐ አጥላው ያሉ አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ፊደሉን የሚያውቁ ወዳጆቻቸው ጉዳዩን ይዘው ደረጃ ወደሚወጣበት ቦታ ሄዱ። ጻፉ፣ ተከራከሩ፣ የፊደሉን ዝርዝር አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል በውስጡ ነበር። ዛሬ በማንኛውም ስልክ አማርኛ የምንጽፈው ጥቂት ሰዎች በሰዓቱ ስለተገኙ ነው።

ለቪዲዮውም ሰዓቱ አሁን ነው። ከኤች.266 የሚሻለውን ለማግኘት ያው የጋራ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሙከራ ሶፍትዌር ላይ እየሠራ፣ ቀጣዩን ደረጃ እያዘጋጀ ነው። አዳዲስ የመፈተሻ ቪዲዮም ይቀበላል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመጀመር የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር በነፃ ይገኛል፤ የኤች.264፣ የኤች.265ና የኤች.266 ሙሉ ሰነድ ከቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ይወርዳል፤ የማመሳከሪያ ሶፍትዌሩ ክፍት ነው፤ ወደ ቡድኑ የሚገቡ ሐሳቦች ለሕዝብ ይለጠፋሉ። የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣለት? የጉዞ ወጪና ቪዛም ምክንያት አይሆኑም። ኤች.266 የተቋጨባቸው የመጨረሻ ስብሰባዎች በኮሮና ምክንያት ሁሉም ከየቤቱ በኮምፒውተር የተገኘባቸው ነበሩ።

የመፈተሻ ቪዲዮ ደግሞ አጭር ነው፤ አብዛኞቹ ከ10 ሰከንድ አይበልጡም። ሆኖም ከመነሻው ያልታመቀ መሆን አለበት፤ ስለዚህ የእኔ ካሜራ አይበቃውም፣ የእኔን ቢጤ ካሜራ የያዙ ባልደረቦቼም ሊሠሩት አይችሉም። ቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ወይም ፊልም ሠሪዎቻችን ትልቁን ካሜራ ለጥቂት ቀን ያውሱን። ምን እንደሚቀረጽ እኛ እናውቃለን። የባቲ የሰኞ ገበያ በረፋዱ ፀሐይ። ሐረጎ ላይ ጉም መኪናውን ሲውጠው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ክሩ በማሽኑ ላይ ሲሮጥ። ማታ ድንኳን ውስጥ መንዙማ ሲባልና ሰዉ ሁሉ አብሮ ሲወዛወዝ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ጭፈራ፣ አሥር ሰከንድ። በጎን የሚሮጥ የአማርኛ ጽሑፍ፣ አሥር ሰከንድ። የሚታዩት ሰዎች ምስላቸው በዓለም ቤተ ሙከራዎች ለዓመታት እንደሚዞር በግልጽ ተነግሯቸው፣ ፈቅደው፣ ፈርመው መሆን አለበት። የማንም ሠርግ ከሱቅ መሳቢያ ወጥቶ አይላክም።

የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠውም በዓይን ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱ መመሪያ ለጥራት ምዘና ቢያንስ 15 ተራ ተመልካች ይጠይቃል፤ ባለሙያ ያልሆኑ፣ ዓይናቸው የተመረመረ፣ ተረጋግተው አይተው ነጥብ የሚሰጡ። ነጠላ የሚለብሱ፣ ፈትል የፈተሉ፣ ጥለት ከጥለት የሚለዩ እናቶች ደሴ ሞልተዋል። እነርሱ «ይሄ ተበላሽቷል» ያሉት ነገር በቁጥር ተመዝግቦ ወደ ጋራ ቡድኑ ይሂድ።

የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ለዚህ ሥራ አንድ ኮሚቴ ያቋቁም፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲን፣ የብሮድካስተሮችን፣ የቴሌኮም ባለሙያዎችንና የእኛን የቀራጮቹን ሰው ያስገባበት። ዩኒቨርሲቲውም የኮሚቴውን ደብዳቤ ሳይጠብቅ ሁለት መምህርና ጥቂት ተማሪ ይመድብ፤ ሰነዶቹን ማንበብ ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል። ባለፈው ጊዜ ጥሪ ወጥቶ ሥራ እስኪቀርብ የነበረው ስድስት ወር ብቻ ነው፤ ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ስድስት ወር አይበቃም። ቀራጭ ባልደረቦቼ፣ በየከተማው ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ እጃችሁን አውጡ፤ እኔ ለመጀመሪያው ቀረጻ መብራቱን ይዤ ባቲ እወርዳለሁ።